«በነጻ» እና «ነጻ»፦ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሰጠው ፈቃድ ምንድን ነው?

ቸርችል ጎዳና ላይ የስጦታና የባህል ዕቃ መደብር ያላቸው አንድ አዛውንት ደንበኛዬ፣ ለመደብራቸው የሚሠራውን ድረ ገጽ የዋጋ ማቅረቢያ እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ሶፍትዌሩ በነጻ ከሆነ እኔ የምከፍለው ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሊኑክስ፣ ማሪያዲቢ፣ ፒኤችፒና ዎርድፕረስ ከሚሉት፣ ድረ ገጹ ከሚቆምባቸው ሶፍትዌሮች ስሞች ትይዩ በዋጋው ዐምድ «0 ብር» ብዬ ጽፌ ሳበቃ፣ ከታች ያለው ጠቅላላ ድምር ግን ከዜሮ በጣም የራቀ ነበር። ገና መልስ ሳልሰጣቸው ሁለተኛውን ጥያቄ አከሉበት፦ «ደግሞስ አንተ ነገ ብትጠፋ?» የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ያለው ደንበኞች ፈጽሞ በማያነቡት፣ ብዙ ፕሮግራመሮችም ገረፍ አድርገው በሚያልፉት ሰነድ ውስጥ ነው፤ ይኸውም ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚመጣው የፈቃድ ጽሑፍ ነው። በዚህ ማብራሪያ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበርበሬ እንጀምር። የተፈጨ በርበሬ ከሱቅ የገዛ ሰው ወጡን ሊሠራበት ይችላል፤ ነገር ግን ኮረሪማው ምን ያህል እንደ ነበር፣ በሶብላው በዝቶ ይሁን አንሶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከዝንጅብሉ ጋር አብሮ ተወቅጦ ይሁን ለብቻው ደርቆ የገባ፣ ከዱቄቱ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ፕሮግራመር የሚጽፈው፣ ሰውም ሊያነበው የሚችለው ጽሑፍ «ምንጭ ኮድ» ይባላል። ይህ ጽሑፍ ኮምፓይለር በሚባል ሌላ ፕሮግራም አልፎ ማሽኑ ብቻ ወደሚረዳው የቁጥር ድርድር ሲለወጥ፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ እንደ ተመለሰ በርበሬ ይሆናል፤ ይሠራል፣ ውስጡ ግን አይነበብም። አብዛኛው የሚሸጥ ሶፍትዌር እጃችን የሚገባው እንዲህ ተፈጭቶ ነው። ሲበላሽ ልናስተካክለው፣ የጎደለውን ልንጨምርበት፣ የተደበቀበት ነገር መኖሩን ልንመረምር አንችልም፤ ያለን አማራጭ የቀመመውን ድርጅት ደጅ መጥናት ብቻ ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው ዱቄቱን ከነቅመሙና ከነመጠኑ ዝርዝር የሚሰጥ፣ በዝርዝሩም ላይ እንደ ፈለግን እንድንቀምምና ለጎረቤት እንድናካፍል በጽሑፍ የሚፈቅድ ነው።

የድረ ገጽ ሥራ በዚህ ረገድ ከሌላው የፕሮግራም ሙያ የተለየ ባሕርይ አለው፤ የእኛ ዓይነት ሰዎች ለክፍት ምንጭ ያለን ፍቅር አንዳንዴ ልክ ያጣ የሚመስለውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ቲም በርነርስ ሊ ድርን ሲፈጥር ገጾቹ በተራ ጽሑፍ እንዲጻፉ አደረገ፤ ይሠራበት የነበረው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከልም ኤፕሪል 30 ቀን 1993 የድሩን ሶፍትዌር ማንም ያለ ክፍያና ያለ ገደብ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀ። ዛሬም ድረ ገጽ የሚጻፍባቸው ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ወደ ብሮውዘራችን የሚደርሱት በጽሑፍ መልክ ነው፤ ለፍጥነት ሲባል ቢጨመቁም አይፈጩም። እኔም ሙያውን የጀመርኩት አምስት ኪሎ አካባቢ በነበረ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ፣ የወደድኩትን ገጽ ምንጭ ከፍቼ በፍላሽ እየቀዳሁ፣ ቤት ወስጄ መስመር በመስመር እየቀየርኩ ነው፤ ክፍያው በደቂቃ ስለ ነበር እዚያው ተቀምጦ ማንበብ አይታሰብም። ይሁን እንጂ ማየት መቻል ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። በመስኮት የታየ ዕቃ የባለቤቱ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በብሮውዘር የታየ ኮድም ፈቃድ ካልተጻፈበት በስተቀር የጻፈው ሰው ንብረት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ያግዘናል። እንግሊዝኛ ነጻነት ያለውንም ዋጋ የሌለውንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ የሐሳቡ ጀማሪዎች ልዩነቱን ሲያስረዱ ከ40 ዓመት በላይ ቆጥረዋል። ለእኛ ግን አንዲት «በ» ትበቃለች፤ «ነጻ ሰው» እና «በነጻ የሚሠራ ሰው» ስንል ማንም አያምታታቸውም፣ እንዲያውም ተቃራኒ ሊሆኑ ይችላሉ። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በመጀመሪያ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ማንም ሊያባዛው ስለሚችል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በነጻ ይገኛል። የዋጋው ክርክር በአዲስ አበባ ብዙም ሰው የማይማርከው ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ «ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም በጥቂት ብር ያስጫነ ሰው ሁሉም ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ይመስለዋል። ያ ሰው ዋጋውን አምልጧል፤ ነጻ ግን አልወጣም። ምንጩን አያይም፣ ሊያሻሽለው አይፈቀድለትም፣ ቁልፉን የሰበረለት ሰው ምን ጨምሮ እንዳስገባበትም አያውቅም።

ሐሳቡ መልክ የያዘው ከአንድ ማተሚያ ጋር በተያያዘ ብስጭት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ የቀድሞው ማተሚያ ወረቀት በነከሰ ቁጥር ለሚጠባበቁት ሰዎች በኮምፒውተራቸው መልእክት እንዲደርሳቸው ሶፍትዌሩን አሻሽሎ ነበር። በ1980 ገደማ አዲስ የሌዘር ማተሚያ ሲመጣ ግን ምንጭ ኮዱ አብሮ ስላልመጣ ያንኑ ማሻሻያ ሊያደርግ አልቻለም፤ ኮዱ በእጁ ወዳለ ሰው ሄዶ ቢጠይቅም ላለማካፈል ፈርሜያለሁ የሚል መልስ አገኘ። (የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን በአራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፎ የቆመ ሁሉ የዚህን ሰው ንዴት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።) ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የሚባለውን የፈቃድ ጽሑፍ አወጣ። በእርሱ አነጋገር አንድ ሶፍትዌር ነጻ የሚባለው ተጠቃሚው ለፈለገው ዓላማ ሊያሠራው፣ ምንጩን ሊያጠናና ሊለውጥ፣ ቅጂውን ሊያካፍል፣ የለወጠውንም ሊያካፍል ሲፈቀድለት ነው። በ1991 የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስ የተባለ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት በዓመቱ በዚሁ ፈቃድ ሥር ገባ፤ ዛሬ ሰርቨሮች፣ ማለትም ድረ ገጾችን የሚያስተናግዱ ኮምፒውተሮች፣ በብዛት የሚሠሩበትም፣ ታክሲ ውስጥ ሁሉም ሰው አቀርቅሮ የሚያያቸው አንድሮይድ ስልኮች መሠረትም ይኸው ነው። «ክፍት ምንጭ» የሚለው መጠሪያ ራሱ የመጣው ዘግይቶ፣ በ1998 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የብሮውዘሩን ኮድ እንደሚለቅ ባስታወቀበት ሰሞን ነው።

አሁን ወደ ፈቃዶቹ እንግባ፤ ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ተደንግጓል። ስለዚህ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ለዓለም የተሰጣ ኮድ እንኳ የፈቃድ ጽሑፍ ካልተያያዘበት ልንወስደው አንችልም። የተያያዘ እንደ ሆነ ግን ዓይነቱን ማየት ያስፈልጋል። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ ከአንድ ገጽ አይሞላም፤ ስሜንና ይህን ጽሑፍ አትሰርዙ፣ ቢበላሽም አትክሰሱኝ፣ ከዚያ ውጪ ያሻችሁን አድርጉ የሚል ነው። ሪአክት፣ ቪዩ፣ ላራቬልና ቡትስትራፕ የተባሉት የድረ ገጽ መሥሪያ መሣሪያዎች በዚህ ፈቃድ ሥር ናቸው፤ ከእነርሱ የተሠራውን ምርት ዘግቶ መሸጥ ይቻላል። ጂፒኤል ግን አንድ ጠንከር ያለ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሶፍትዌሩን ወይም ከእርሱ የተወለደውን ለሌላ ሰው ያስረከበ ሁሉ ምንጩንም በዚያው ፈቃድ ማስረከብ አለበት። በራስ ሰርቨር ላይ ብቻ እያሠሩ አገልግሎት መስጠት እንደ ማስረከብ አይቆጠርም፤ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በ2007 ኤጂፒኤል የሚባል ሌላ ፈቃድ ወጥቷል። ከኤምአይቲና ከጂፒኤል የትኛው ይሻላል የሚለው በባለሙያዎች ዘንድ የማያልቅ ክርክር ነው። እኔ ለትንንሽ መሣሪያዎች ኤምአይቲን፣ የሰው ንግድ ለሚቆምበት ሥራ ጂፒኤልን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም የደንበኛዬ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

«አንተ ነገ ብትጠፋስ?» ለሚለው ከዎርድፕረስ ታሪክ የተሻለ መልስ አላውቅም። ከዎርድፕረስ በፊት ቢቱ ወይም ካፌሎግ የሚባል፣ ሚሼል ቫልድሪጊ የተባለ ፕሮግራመር በ2001 የጀመረው የድረ ገጽ መጻፊያ ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ ተወዳጅ ሆኖ ሳለ ጸሐፊው ከሥራው እየራቀ ሄዶ ድምፁ ጠፋ፤ ተጠቃሚዎቹ ማሻሻያ የሚጠይቁት ሰው አጡ። ነገሩ የተዘጋ ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ኮዱ ግን በጂፒኤል የተለቀቀ ስለ ነበር፣ ማት ሙለንወግ የተባለ የ19 ዓመት ተማሪና ማይክ ሊትል የተባለ የእንግሊዝ ፕሮግራመር ማንንም ደጅ ሳይጠኑ ካለበት አንሥተው ቀጠሉት፤ ሜይ 27 ቀን 2003 የመጀመሪያውን ዎርድፕረስ አወጡ። ዛሬ በዓለም ላይ እንደ ዎርድፕረስ ብዙ ድረ ገጾች የቆሙበት ሌላ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የለም። አንድ ሰው ጠፋ፣ ሥራው ግን አልጠፋም፤ በመካከላቸው የቆመውም ያ የፈቃድ ጽሑፍ ነው።

እንዲህ ኮድን ቀድቶ በራስ መንገድ መቀጠል «ፎርክ ማድረግ» ይባላል። «መገንጠል» ብዬ ልተረጉመው ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ በእኛ አገር ሌላ ከባድ ሸክም ስላለበት ፎርክ እያልኩ እቀጥላለሁ። በደንበኛዬ ዝርዝር ውስጥ የነበረው ማሪያዲቢም ፎርክ ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር) ባለቤት የነበረው ኩባንያ በ2009 በኦራክል ሊገዛ መሆኑ ሲሰማ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ማይክል ቪዴኒየስ የዳታቤዙ ዕጣ አሳስቦት ኮዱን ፎርክ አድርጎ አዲስ ስም ሰጠው። የመጀመሪያው ዳታቤዝ በትልቋ ልጁ በማይ ስም የተጠራ ነበር፤ ሁለተኛውን በታናሿ በማሪያ ስም ጠራው።

«በነጻ» እና «ነጻ» መለያየታቸውን ፕሮግራመሮች ራሳቸው በከባዱ የተማሩበት አጋጣሚም አለ። የሊኑክስ ሠሪዎች ለዓመታት ኮዳቸውን የሚያስተባብሩት ቢትኪፐር በሚባል የተዘጋ መሣሪያ ነበር፤ መሣሪያው ለእነርሱ በነጻ ተሰጥቷቸዋል። በ2005 ባለቤቱ ኩባንያ ያንን ችሮታ አነሣ። የሰጠ እጅ መልሶ መውሰድ ስለሚችል ቅሬታ ለማቅረብም መሠረት አልነበራቸውም። ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊት የሚባለውን መሣሪያ ጻፈ፤ ዛሬ ያለ ጊት የሚሠራ የሶፍትዌር ቡድን ማግኘት ያስቸግራል። ጊት የኮዱን እያንዳንዱን ለውጥ፣ ማን መቼና ለምን እንዳደረገው ጭምር፣ «ኮሚት» በሚባል መዝገብ ያስቀምጣል። ለእኛ ከተማ የሚበጀው ጠባዩ ደግሞ ሙሉው መዝገብ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ መኖሩ ነው፤ ኔትወርክ ቢቋረጥም ሥራ አይቆምም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ይዤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ኢንተርኔት ሳልነካ ግማሽ ቀን ኮሚት ሳደርግ እውላለሁ፤ ማታ መስመሩ ሲመለስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ «ፑሽ» አደርጋለሁ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔቱ ቅጂ እልካለሁ።

ይህን ሁሉ ስናወድስ ጉዳቱን መደበቅ አይገባም። የዘመኑ ድረ ገጽ በመቶዎች በሚቆጠሩ፣ አብዛኞቻችን በማናውቃቸው ሰዎች በተጻፉ ትንንሽ ፓኬጆች ላይ ይቆማል። በማርች 2016 አንድ ፕሮግራመር የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ከሚከፋፈሉበት ማከማቻ ጋር በስም ጉዳይ ተጋጭቶ ፓኬጆቹን ሁሉ ሲያነሣ፣ ከመካከላቸው ሌፍትፓድ የምትባል የ11 መስመር ኮድ አብራ ተነሣች፤ ሥራዋም ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ ነበር። በእርሷ ላይ የተደገፉ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው፤ ማከማቻው ፓኬጇን መልሶ እስኪያስቀምጣት ድረስ ለሰዓታት ግርግር ሆነ።

የ2024ቱ ከዚያ የከፋ ነበር። ኤክስዜድ በሚባል፣ በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ ባለ የፋይል መጭመቂያ መሣሪያ ላይ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አካል ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲሠራ ቆይቶ፣ የደከመውን ባለቤት አመኔታ ካገኘ በኋላ ሰርቨሮችን በስውር የሚከፍት በር አስገባበት። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሰርቨር ላይ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደ ዘገየበት አስተውሎ ምክንያቱን ሲፈልግ በሩን አገኘው፤ በማርች መጨረሻም ለሁሉም አሳወቀ። ምንጩ ክፍት ባይሆን ኖሮ ያንን ግማሽ ሰከንድ እስከ ሥሩ ሊከተለው አይችልም ነበር። በሌላ በኩል ተንኮሉን ሥራ ላይ የሚያውለው ቁራጭ የተደበቀው ሁሉም በሚያነበው የጊት መዝገብ ውስጥ አልነበረም፤ ለማከፋፈል ታሽጎ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ነበር። ቅመሙ በአደባባይ ተሰጥቶ ሳለ ባዕድ ነገሩ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ተጨመረ ማለት ነው። ክፍት መሆን መመርመርን ያስችላል እንጂ መርማሪ አይቀጥርም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ክፍት ምንጭ ያደረገውን ደግሞ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የየራሱ አቀማመጥ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ለደንበኛዬ ገጽ የተጠቀምኩት ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለው የፊደል ቅርጽ ክፍት ፈቃድ ያለው በመሆኑ ማንንም ሳልጠይቅ በገጹ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ዋጋ ዝርዝሩን በግእዝ አኀዝ ለመቁጠር ሲኤስኤስ ራሱ ደንብ አለው፤ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ብሮውዘሩ ይቆጥራል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። ክሮምም ሆነ አንድሮይድ ቀን ለመጻፍ የሚጠቀሙበት አይሲዩ የተባለ ክፍት ምንጭ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) 13ቱን ወሮቻችንን ከነጳጉሜን፣ ከነስድስተኛዋ ቀን ያውቃል፤ አንዲት መስመር ጃቫስክሪፕት ጽፌ የመደብሩን ቅናሽ የሚያበቃበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር አሳየሁ። ሰዓቱን ግን በእጄ መሥራት ነበረብኝ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለት በእነርሱ ዘጠኝ መሆኑን የሚያውቅ መሣሪያ ስላላገኘሁ፣ ስድስት ሰዓት የሚቀንስ ትንሽ ተግባር ጽፌ በኤምአይቲ ፈቃድ ለቅቄዋለሁ። እስካሁን አንድ ሰው ስሕተት አግኝቶበት አርሞ ልኮልኛል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያሉት ሰዓታት ተዛብተው ነበር።

ጉዳዩ የግል ድረ ገጾች ብቻም አይደለም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ሥርዓት የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ በባንጋሎር በ2018 በተጀመረ ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው፤ የጤና ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያው ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስቱም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሥራ ነው። መንግሥትም ቢሆን እንደ ባለ መደብሩ «ሠሪው ቢጠፋስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ታዲያ ደንበኛዬ የሚከፍሉት ለምንድን ነው? ቅመሙና ዝርዝሩ ያለ ዋጋ ቢገኙም ወጡን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። እኔ የማስከፍለው ዕቃዎቹን ፎቶ አንሥቶ ለማደራጀት፣ ክፍያውን ከገጹ ጋር ለማያያዝ፣ ሰርቨሩን ለመጠበቅ፣ የማሻሻያ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር በዚያው ቀን ለመጫን ለማውለው ጊዜ ነው፤ ሰርቨሩና የድረ ገጹ ስምም የየራሳቸው የዓመት ክፍያ አላቸው። የትልልቆቹ መሣሪያዎች ሠሪዎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ሪአክትን ሜታ፣ ቪኤስ ኮድ የተባለውን የኮድ መጻፊያ ማይክሮሶፍት የሚያሠሩት ለጽድቅ ብለው አይደለም፤ ሁሉም የሚቆሙበትን መሠረት በጋራ መሥራት ለየብቻ ከመሥራት ይረክሳል።

ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርን፤ ለመደብሩ የምጽፈው ኮድ ሁሉ በጂፒኤል ሥር ሆኖ ከነሙሉ መዝገቡ ለእርሳቸው ይሰጣል። «እንግዲህ ሌላ ልጅ ባመጣ ይከፍተዋል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ፒኤችፒ የሚያውቅ ሁሉ ይከፍተዋል አልኳቸው። በዚያው ሳምንት ኮዱን በፍላሽ ላይ ቀድቼ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ብነግራቸውም፣ «ኢንተርኔቱን አላውቀውም፣ መሳቢያዬን ግን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ፍላሹን ተቀብለው ከደረሰኝ ጥራዞቹ ሥር አስቀምጠው ቆለፉበት፤ ከመጀመሪያዋ ኮሚት ጀምሮ ያለው ታሪክ በሙሉ በውስጡ አለ።